ለእንግዳ ጓዳውን የሚከፍት ስልክ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2024 ቤልግሬድ ውስጥ አንድ ተማሪ ተያዘ። ሰርቢያ በዚያን ሰሞን በተማሪዎች ተቃውሞ እየተናጠች ነበር። ኖቪ ሳድ በተባለችው ከተማ የባቡር ጣቢያ ታዛ ተደርምሶ ሰው ከፈጀ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ተማሪዎቹም "ተጠያቂው ይውጣ" እያሉ አደባባዩን ይዘውታል። ልጁ የገዥው ፓርቲ ስብሰባ ወዳለበት ሲሄድ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ያዙት፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት፣ ስልኩንም ወሰዱበት። ስልኩ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ32 ነው። ውድ ስልክ አይደለም፤ ብዙ ተማሪ ኪሱ ውስጥ የሚይዘው ዓይነት ነው።

በኋላ የአምነስቲ ኢንተርናሽናል የደህንነት ላብራቶሪ ባለሙያዎች ስልኩን መረመሩት። ያገኙትን ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ይፋ አደረጉ። የስልኩ መዝገብ የሚናገረው ነገር መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ስልኩ ተቆልፎ ፖሊስ እጅ ላይ ባለበት ሰዓት የቪዲዮ ካሜራ ተሰክቶበታል። የድምፅ ካርድ ተሰክቶበታል። የመዳሰሻ ፓድም ተሰክቶበታል። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የተማሪ ስልክ ላይ ዌብካም የሚሰካው ማነው?

ማንም አልሰካም። በዩኤስቢ ገመዱ ጫፍ ላይ የነበረው የእስራኤሉ ኩባንያ ሴሌብራይት ለፖሊሶች የሚሸጠው የስልክ መክፈቻ ነው። መሣሪያው አንዴ "ዌብካም ነኝ"፣ አንዴ "የድምፅ ካርድ ነኝ"፣ አንዴ "መዳሰሻ ነኝ" እያለ ራሱን ይለዋውጣል። ስልኩም እያንዳንዱን "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ ተቀበለ። በመጨረሻ የቁልፉ ስክሪን ዋጋ አጣ፤ ስልኩን የያዙት ሰዎች ሙሉ ሥልጣን አገኙ፤ አንድ ምንነቱ ያልታወቀ መተግበሪያ ሊጭኑበትም ሞከሩ።

ስለ ሰርቢያ ፖሊስም ስለ ሴሌብራይትም ብዙ ተብሏል፤ ሊባልም ይገባል። ብዙ ያልተባለለት ሌላ ጥያቄ አለ። የተቆለፈ ስልክ ባለቤቱን እንኳ ያለ ቁጥር አላስገባም እያለ፣ በገመድ የመጣን እንግዳ ለምን እስከ ጓዳ ያስገባል? የዌብካም ድራይቨርስ ከመጀመሪያው ጓዳ ውስጥ ምን ይሠራል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ኮምፒውተርን (ስልክም ኮምፒውተር ነው) ሳሎንና ጓዳ እንዳለው ቤት ማየት በቂ ነው። ሳሎኑ "ዩዘር ሞድ" ይባላል። ቴሌግራሙ፣ ካልኩሌተሩ፣ የባንኩ መተግበሪያ፣ ሁሉም እዚያ ይቀመጣሉ። አንዱ የሌላውን ኪስ መዳበስ አይችልም። አንዱ ቢወድቅ እሱ ብቻ ይነሳል፤ ቤቱ አይናጋም። ጓዳው ደግሞ "ከርነል ሞድ" ነው። የቤቱ ቁልፍ፣ የእህሉ ጎታ፣ የገንዘቡ ሣጥን ያለው እዚያ ነው። ጓዳ የገባ ሰው የሚከለክለው የለም፤ የማንንም ኪስ ይዳብሳል፣ የትኛውንም በር ይከፍታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ግድግዳ የሚጠብቀው ሶፍትዌር ብቻ አይደለም፤ ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። ግድግዳው ጠንካራ ነው። ችግሩ ከግድግዳው ውስጠኛ ወገን ማን እንደተቀመጠ ነው።

ድራይቨር ማለት የአንድን ዕቃ ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ ነው። ካሜራው የራሱ ቋንቋ አለው፣ ማውዙ የራሱ፣ ፕሪንተሩ የራሱ። በልማድ፣ በአብዛኞቹ ሲስተሞች ላይ፣ እነዚህ አስተርጓሚዎች የሚቀመጡት ጓዳ ውስጥ ነው። ልማዱ የመጣው ዕቃው በፋብሪካ ተገጥሞ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው የማይነቀል፣ የማይተካ በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ዕቃውን ማመን ኮምፒውተሩን ማመን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኤስቢ መጣና ይህን ሁሉ ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመንገድ ይመጣል። ከጎረቤት ይመጣል። ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከኢንተርኔት ካፌ ይመጣል። ፍላሽ ሰክቶ ፋይሎቹ በሙሉ ወደ "ሾርትከት" ተለውጠው ያገኘ ሰው ለዚህ ምስክር አያስፈልገውም። ሀገር ቤት በር ሲንኳኳ "ማነው?" ይባላል። ዩኤስቢም "ማነው?" ብሎ ይጠይቃል። ችግሩ የተመለሰለትን ሁሉ ማመኑ ነው። የተሰካው ዕቃ ስሙን፣ የአምራቹን ቁጥር፣ የሥራውን ዓይነት ራሱ ይናገራል፤ መታወቂያ አሳይ የሚለው የለም። "ዌብካም ነኝ" ካለ የዌብካሙ ድራይቨር ይጠራል። ድራይቨሩም ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከእንግዳው ጋር ጨዋታ ይጀምራል።

የሰርቢያው ተማሪ ስልክ የተከፈተው በዚህ ጨዋታ ላይ ነው። ከተጠቀሙባቸው ቀዳዳዎች አንዱ በሊኑክስ ከርነል የዌብካም ድራይቨር ውስጥ ያለ ነው (አንድሮይድ ሥሩ ሊኑክስ መሆኑን ልብ ይሏል)። ስህተቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ እንዲያውም ሲረዱት ያናድዳል። ካሜራ ሲሰካ "ልልካቸው የምችላቸው የምስል ዓይነቶች እነዚህ ናቸው" ብሎ ዝርዝር ይሰጣል። ድራይቨሩ ዝርዝሩን መጀመሪያ ያነበዋል፤ ምን ያህል የሚሞሪ ቦታ እንደሚያስፈልግ ለመቁጠር። ቀጥሎ እንደገና ያነበዋል፤ ያን ጊዜ ለመጻፍ። ሲቆጥር "ዓይነቱ ያልተገለጸ" የሚለውን መስመር ይዘለዋል። ሲጽፍ ግን አይዘለውም። ለአሥር ሰው ወንበር ተከራይቶ አሥራ ሁለት ሰው እንደማስገባት ነው፤ ትርፎቹ ሁለቱ የሚቀመጡት ሰው ቦታ ላይ ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ "የሰው ቦታ" ማለት የሲስተሙ ምስጢር ያለበት ቦታ ማለት ነው።

ስህተቱ የገባው ሊኑክስ 2.6.26 በወጣበት በ2008 ነው። ለ16 ዓመት ያህል እዚያው ነበር። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ስልኮች ይዘውት ዞረዋል።

አሁን ያው ድራይቨር፣ ያው ስህተት፣ ያው 16 ዓመት ሳይነካ ድራይቨሩ ብቻ ሳሎን ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ትርፎቹ ሁለት እንግዶች የሚቀመጡት በዚያው በድራይቨሩ ፕሮግራም ሚሞሪ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ምናልባት ይወድቃል። ምናልባትም አጥቂው ይቆጣጠረዋል። ግን የተቆጣጠረው ምን ይሆን? ከካሜራ ጋር ከማውራት በቀር ሥልጣን የሌለውን አንድ ትንሽ ፕሮግራም። ፎቶውን አያይም፣ መልዕክቱን አያነብም፣ ቁልፉን አይፈታም። ከዚያ ወደ ጓዳ ለመግባት ሌላ ቀዳዳ መፈለግ አለበት፤ ሌላ ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ ወራት፣ ሌላ ዕድል ይጠይቃል። ስህተት የማይሠራ ፕሮግራመር የለም። ቁም ነገሩ ስህተቱ የት ሆኖ ይሠራል የሚለው ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ2017 አንድሬ ኮኖቫሎቭ የተባለ የጎግል ተመራማሪ ሲዝካለር የተሰኘውን የፍተሻ መሣሪያ ይዞ የሊኑክስን የዩኤስቢ ክፍል መረመረ። መሣሪያው ያልተስተካከለ፣ የተዘበራረቀ፣ የተሳሳተ መረጃ የሚልክ የውሸት ዕቃ እየሆነ ከርነሉን ይደበድበዋል። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ ኮኖቫሎቭ 14 ቀዳዳዎችን በአንድ ጊዜ ይፋ አደረገ፤ እነዚያም ካገኛቸው ውስጥ የተወሰኑት ናቸው። ያን ጊዜ የብዙ ሰው መልስ "አጥቂው ኮምፒውተሩን በእጁ መንካት ካለበት ምን ያስጨንቃል?" የሚል ነበር። ቢሮው ተቆልፎ ለሚያድር ባለሙያ መልሱ ያስኬድ ይሆናል። ስልኩ ፍተሻ ላይ፣ ድንበር ላይ፣ ፖሊስ ጣቢያ ላይ ለሚወሰድበት ሰው ግን "በእጁ መንካት" የማይሆን ነገር አይደለም፤ የሚሆነው ራሱ እሱ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ይኬዳል። በጃንዋሪ 1992 የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም "ሊኑክስ ጊዜ ያለፈበት ነው" ብለው ጻፉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ያኔ ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ነው፤ ሲስተሙም የተወለደው በቀደመው ዓመት ነው። የፕሮፌሰሩ ክርክር ባጭሩ፣ ሁሉን ነገር ከርነል ውስጥ መጠቅጠቅ የድሮ ሰው አሠራር ነው፤ ጓዳው ትንሽ ይሁን፣ ድራይቨሮቹ ውጭ ይሁኑ የሚል ነው። ቶርቫልድስ አልተቀበለም። በገበያ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሊኑክስ ዛሬ ከስልክ እስከ ሰርቨር አለ። በሐሳብ ያሸነፈው ማን ነው የሚለው ግን ገና አላለቀም። (ታሪክ ቀልደኛ ናት። ድራይቨሮቹን ከጓዳ ያስወጣው የታነንባም ሚኒክስ በኢንቴል ቺፖች ውስጥ በተደበቀው የማኔጅመንት ክፍል ላይ እንደሚሠራ በ2017 ታውቋል። ኢንቴል እንደተጠቀመበት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው የሰሙት ከዜና ነው።)

ሌሎቹስ ምን አደረጉ? አፕል በ2019 ድራይቨርኪት የተባለውን አሠራር አመጣ። የዩኤስቢ ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎች ድራይቨራቸውን ሳሎን ውስጥ እንዲያስቀምጡ ጋበዘ፤ ወደ ጓዳው የሚያስገባውን የድሮውን በር ደግሞ ቀስ በቀስ እያጠበበው መጣ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ጀምሮ የዩዘር ሞድ ድራይቨር መሥሪያ አለው፤ ለአምራቾች የሚሰጠው ምክርም "ካላስገደዳችሁ በቀር ከርነል ውስጥ አትጻፉ" ነው። ራሱ ሊኑክስም ቢሆን ስካነርን ካየን ነገሩን ያውቀዋል። ከ20 ዓመት በፊት የዩኤስቢ ስካነር ድራይቨር ከርነል ውስጥ ነበር፤ አስወጡት፤ ሥራውን ሊብዩኤስቢ በተባለው የዩዘር ሞድ ቤተ መጻሕፍት በኩል የሚሠሩ ተራ ፕሮግራሞች ወሰዱት። ስካነር የሚጠቀም ሰው ልዩነቱን አላወቀም። ማንም አላለቀሰም።

"ፍጥነትስ?" ይላል ተከራካሪው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለማለፍ ያህል ብቻ ሊመለስ አይገባውም። ከሳሎን ወደ ጓዳ በተመላለሱ ቁጥር ጊዜ ይባክናል። መረጃው ከአንድ የሚሞሪ ክፍል ወደ ሌላው ይገለበጣል። በሰከንድ ጊጋባይት ለሚያስተላልፍ የውጭ ሀርድ ዲስክ ወይም ለፈጣን የኔትወርክ ካርድ ምልልሱ ይሰማል። ድምፅ ለሚቀዳ የሙዚቃ ስቱዲዮም የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ክፍልፋይ ዋጋ አለው። የሊኑክስ ሰዎች በ2021 ያደረጉት የዚህ ምሳሌ ነው። የዊንዶውስን ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ለማንበብና ለመጻፍ ለዓመታት የሚጠቀሙት በዩዘር ሞድ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር፤ ቀርፋፋ ነው ተባለ፤ ፓራጎን የተባለ ኩባንያ የሰጠው ድራይቨር በሊኑክስ 5.15 ከርነል ውስጥ ገባ። ፍጥነት ተገኘ። በምትኩ ከማንኛውም ፍላሽ የሚመጣ የዲስክ አወቃቀር ጓዳ ውስጥ የሚነበብበት አንድ ተጨማሪ መስኮት ተከፈተ። ትርፉ ለኪሳራው ይበቃል? ለሰርቨር ምናልባት አዎ። ፍላሽ ከየቦታው ለሚቀበል የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ኮምፒውተር ግን መልሱ ያንኑ ያህል ቀላል አይደለም።

ደግሞም ፍጥነት የሁሉም ዕቃ ጉዳይ አይደለም። ኪቦርድ የሚመታ ሰው በሰከንድ ስንት ፊደል ይመታል? ፕሪንተር፣ ስካነር፣ የካርድ ማንበቢያ፣ የጨዋታ መቆጣጠሪያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ እነዚህ ሁሉ ጓዳ ለመግባት በቂ ምክንያት የላቸውም። ዌብካሙ እንኳ ለተራ የቪዲዮ ስብሰባ የሚያስፈልገው ፍጥነት ዛሬ ባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ የሚያስቸግር አይደለም። የፍጥነት ክርክር ለጥቂት ዕቃዎች እውነት ነው። ያስቸገረው ለሁሉም ዕቃዎች ሽፋን መሆኑ ነው። "ሁሌም እንዲህ ስለነበር" የሚለው እውነተኛው ምክንያት የፍጥነትን ካባ ደርቦ ይመጣል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ አምራቾች ጓዳውን ይወዱታል። ሥልጣን ነዋ። በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው ቺፕ አምራች ያደረገው አይረሳም። የእሱን ቺፕ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች በዙበት። መፍትሔው ምን ሆነ? በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የተሰራጨው አዲሱ ድራይቨሩ አስመስሎ የተሠራውን ቺፕ ሲያገኝ የመለያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ እየለወጠ ከጥቅም ውጭ አደረገው። አስመስሎ የሠራው ሰው አልተጎዳም፤ የተጎዳው ዋናና ቅጂ መለየት የማይችል፣ ዕቃውን በገንዘቡ የገዛ ሰው ነው። ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ድራይቨሩን መለሰው። ድራይቨር የአምራቹ ወኪል ነው፤ ሁሌም የባለቤቱ ወዳጅ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ለዩዘር ሞድ ያደላል፤ ማድላቱም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ዩዘር ሞድን እንደ ጠበል አድርገው የሚያቀርቡትም አሉ፤ ድራይቨሩ ሳሎን ከተቀመጠ ሁሉ ነገር ዳነ የሚሉ። በ2021 ኦገስት ላይ ዓለምን ያሳቀው የሬዘር ማውዝ ለእነሱ ጥሩ መልስ ነው። ሬዘር ለጌም ተጫዋቾች ማውዝ ይሠራል። ማውዙ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ዊንዶውስ ራሱ የኩባንያውን ሶፍትዌር አውርዶ መጫን ይጀምራል። መጫኛው የሚሠራው ዩዘር ሞድ ውስጥ ነው። ግን በማን ስም? "ሲስተም" በሚባለው፣ ከአድሚኑም በላይ በሆነው ስም። መጫኛው "የት ልጫን?" ብሎ መስኮት ይከፍታል። አንድ ተመራማሪ በዚያ መስኮት ላይ የቀኝ ክሊክ አድርጎ የትእዛዝ መጻፊያውን ከፈተ፤ እሱም በዚያው በትልቁ ስም ተከፈተ። አለቀ። የኮምፒውተሩ ጌታ ለመሆን ማውዝ መግዛት ብቻ በቃ።

ስለዚህ ሳሎን የተቀመጠውን ሰው "የት ተቀመጠ?" ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። የቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ካለ ሳሎን መቀመጡ ምን ይፈይዳል? ዩዘር ሞድ የሚረዳው ሥልጣኑም አብሮ ሲቀነስ ነው። የካሜራ ድራይቨር ካሜራውን ብቻ ይንካ፤ ፋይል አይክፈት፣ ኢንተርኔት አይውጣ፣ ሌላ ፕሮግራም አይጀምር። ይህን ያላሟላ የዩዘር ሞድ ድራይቨር ስሙን እንጂ ግብሩን አልለወጠም።

የዩቢኪው ታሪክ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ነው። ዩቢኪ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የደህንነት ቁልፍ ናት፤ ፓስወርድ የተሰረቀበት ሰው እንኳ አካውንቱ እንዳይወሰድበት ትጠብቃለች። ጥበቃዋ የሚሠራው ብሮውዘሩ "ይህ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ድረ ገጽ ነው" ብሎ ስለሚነግራት ነው፤ የውሸት ገጽ ከሆነ መልሷ ለአጭበርባሪው አይጠቅመውም። ጎግል በ2017 ክሮም ብሮውዘር ላይ ዌብዩኤስቢ የተባለ ነገር ጨመረ፤ ድረ ገጾች ተጠቃሚው እስከፈቀደ ድረስ ከዩኤስቢ ዕቃ ጋር በቀጥታ ማውራት ቻሉ። ያለ ከርነል ድራይቨር! የዩዘር ሞድ ሕልም ጫፉ ይህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ማርኩስ ቨርቪየርና ሚኬሌ ኦሩ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ አጭበርባሪ ገጽ በዚሁ በር በኩል፣ የብሮውዘሩን ምስክርነት ዘሎ፣ ዩቢኪ ኒዮ የተባለችውን ሞዴል በቀጥታ ማናገር እንደሚችል አሳዩ። ጎግል በሩን ለመዝጋት ተጣደፈ። እዚህ ላይ ከርነሉ አልተነካም። ጓዳው ደህና ነበር። የተዘረፈው ሳሎን ውስጥ ያለ ንብረት ነው።

በ2014 ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል ላስ ቬጋስ ላይ ያሳዩት ባድዩኤስቢ የሚባለውም ጥቃት አለ። የፍላሹን የውስጥ ፕሮግራም ለውጠው ፍላሹን "ኪቦርድ ነኝ" አስባሉት። ኮምፒውተሩ አመነ። ፍላሹም እንደ ሰው ትእዛዝ መጻፍ ጀመረ። እዚህ የተበላሸ ድራይቨር የለም፤ የኪቦርዱ ድራይቨር ሳሎንም ይቀመጥ ጓዳ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ለዚህ የድራይቨር መቀመጫ መለወጥ ፈጽሞ መልስ አይሆንም።

ታዲያ ለምን ሙግቱ? ምክንያቱም ሁለቱ ነገሮች ይደጋገፋሉ እንጂ አይተካኩም። አንደኛው እንግዳውን በሩ ላይ ማቆም ነው። ሌላው ከገባ ጓዳ አለማድረስ ነው። የስልክ አምራቾች ሁለቱንም ችላ ብለው ቆይተዋል። በር ላይ የማቆሙ ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ የሊኑክስ ከርነል አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ "ካልተፈቀደልህ አትናገር" የሚልበት ማብሪያ ማጥፊያ ከ2007 ጀምሮ አለው። ዩኤስቢጋርድን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ይጠቀሙበታል። ማብሪያው ለዓመታት ግድግዳው ላይ ነበር፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ስልኮችን የሸጡት ኩባንያዎች ስክሪን ሲቆለፍ እሱን የመጫን ሐሳብ አልመጣላቸውም።

አፕል በ2018 በአይኦኤስ 11.4.1 ላይ ገደብ አስገባ፤ አይፎን ከተቆለፈ አንድ ሰዓት ካለፈው በገመዱ በኩል ከመሙላት በቀር ነገር አይቀበልም። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በፌብሩዋሪ 2025 አፕል ይህንኑ ገደብ የሚያጠፋ ቀዳዳ እንደተገኘና ጥቅም ላይ እንደዋለ አምኖ ማስተካከያ አወጣ፤ የጠቆሙት የካናዳው ሲቲዝን ላብ ተመራማሪ ቢል ማርዛክ ነበሩ። በሩ ቢጠነክርም የሚሰበርበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ከበሩ ጀርባ ያለው ሳሎን ነው ወይስ ጓዳ የሚለው ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የጓዳ ጉዳይ የስልክ ብቻ አለመሆኑን ዓለም ጁላይ 19 ቀን 2024 በደንብ አይቶታል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ ፋይል 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ስህተቱ የዌብካሙን ስህተት በጣም ይመስላል፤ ፕሮግራሙ 21 ነገር እጠብቃለሁ ብሎ 20 ተሰጠው፤ የሌለውን 21ኛውን ሊያነብ ሄደ። ሳሎን ውስጥ ቢሆን አንድ ፕሮግራም ይወድቅ ነበር። ጓዳ ውስጥ ስለነበር ቤቱ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ማይክሮሶፍት የደህንነት ኩባንያዎችም ከከርነል ውጭ የሚሠሩበትን መንገድ እያዘጋጀ እንደሆነ አሳውቋል። የአየር መንገዶች ኪሳራ ያስተማረውን የአንድ ተማሪ ስልክ ያስተምራል ወይ የሚለውን ጊዜ ያሳየናል፤ አየር መንገድ ጠበቃ አለው።

ከሰርቢያው ጉዳይ በኋላ ጎግል ሦስቱን ቀዳዳዎች በተከታታይ ወራት፣ በፌብሩዋሪ፣ በማርችና በኤፕሪል 2025 የአንድሮይድ ማስተካከያዎች ዘጋ። ሴሌብራይትም ምርቱን በሰርቢያ ላሉ አንዳንድ ደንበኞቹ ማቆሙን ገለጸ። ማስተካከያው ግን የሚደርሰው አምራቹ አሁንም ለሚያስታውሰው ስልክ ነው። መርካቶ ውስጥ ሁለተኛ ሦስተኛ እጅ የሚሸጠው፣ ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚመጣው፣ አፕዴቱ ከቆመ ዓመታት ያለፈው ስልክ ያቺን የ2008 ስህተት ዛሬም ይዞ ይዞራል። ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር መድፈን ለአዲስ ስልክ ባለቤት የሚሠራ ዘዴ ነው። ለአሮጌ ስልክ ባለቤት የሚሠራው ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቀዳዳው ወደ ጓዳ እንዳያደርስ ሆኖ ከተሠራ ነው። የአወቃቀር ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ባለው ሁኔታ ግራፊንኦኤስ የተባለው የአንድሮይድ ዓይነት ስክሪኑ ሲቆለፍ የዩኤስቢ ቀዳዳውን በሀርድዌር ደረጃ ለአዲስ ዕቃ ይዘጋዋል፤ ኃይል መሙላት ብቻ ይፈቅዳል። የሚሠራው ግን በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ነው። ዩኤስቢጋርድ ሊኑክስ ላፕቶፕ ላላቸው ነው። ለቀረው ሰው ካሉት አማራጮች አንዱ አፕዴት የሚደርሰው ከሆነ ቶሎ መጫን ነው።

የዌብካሙ ስህተት የተዘጋው በኮዱ ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ላይ አንዲት ቅድመ ሁኔታ በመጨመር ነው፤ "ዓይነቱ የተገለጸ ከሆነ ብቻ አንብብ" የምትል። ድራይቨሩ እስካሁን ያለው ከርነል ውስጥ ነው።